የማማው ሌሊት፦ ዕድሜ፣ እንቅልፍና ትውስታ በምሥራቅ ወለጋ

በምሥራቅ ወለጋ ዞን ደቡባዊ ክፍል በምትገኘው ኑኑ ቁምባ፣ እንደ ሌሎቹ የነቀምቴ ዙሪያ ወረዳዎች ሁሉ፣ በቆሎው ማሸት ሲጀምር የቤተሰቡ እንቅልፍም ይከፋፈላል። ዝንጀሮ በቀን፣ ከርከሮና ጃርት በሌሊት ይመጣሉ። ስለዚህ ጎልማሳው ማማ ላይ ያድራል። አዛውንቱ ደግሞ ቤት ተኝተውም ቢሆን ከዶሮ ጩኸት በፊት ይነቃሉ። ስለ ሁለቱም «እንቅልፍ አጡ» ይባላል። እኔ ግን የሁለቱ ማጣት አንድ አይደለም፣ በትውስታና በስሜት ላይ የሚያስከፍለውም ዋጋ ይለያያል እላለሁ።

እ.ኤ.አ. በ1924 (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ጄንኪንስና ዳለንባክ የተባሉ ተመራማሪዎች በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ሁለት ተማሪዎችን ትርጉም የለሽ ቃላት አስጠኗቸው። ተማሪዎቹ ተኝተው ሲነሡ ያስታወሱት፣ ለዚያው ያህል ሰዓት ነቅተው ቆይተው ካስታወሱት በልጦ ተገኘ። በጊዜው እንቅልፍ ትውስታን ከሌላ ጣልቃ ገብ ነገር እንደሚከልል መጋረጃ ተቆጠረ። በኋላ የመጣው ግንዛቤ ከዚህ ይሰፋል፦ በጥልቅ እንቅልፍ ጊዜ ሂፖካምፐስ የተባለው የአንጎል የትውስታ ክፍል የቀኑን ውሎ እየደጋገመ ለአንጎል ቅርፊት ያስረክባል።

ይህ ጥልቅ እንቅልፍ ከዕድሜ ጋር ይሳሳል። ብዙ ሰው የሚስተው ግን መቼ እንደሚሳሳ ነው። በ2004 የኦሃዮንና የባልደረቦቹ ሰፊ የጥናቶች ትንተና እንዳሳየው፣ አብዛኛው ለውጥ የሚፈጸመው ከወጣትነት እስከ 60 ዓመት ባለው ጊዜ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ጤናማ ሰው ላይ የሚጨመረው ጥቂት ነው። በብሪታንያ ወደ 8,000 የሚጠጉ ሰዎችን ለ25 ዓመት የተከታተለ ጥናትም (2021)፣ ከ50 ዓመታቸው ጀምሮ በሌሊት 6 ሰዓትና ከዚያ በታች የሚተኙ ሰዎች በኋላ ለመርሳት በሽታ የመጋለጥ ዕድላቸው ከፍ ያለ መሆኑን አግኝቷል። እርግጥ ተያያዥነት መንሥኤን አያረጋግጥም፤ በሽታው ራሱ ገና ሳይገለጥ እንቅልፍን ሊያውክ ይችላል። የሆነ ሆኖ መረጃው የሚያመለክተው ወደ ማማው ነው እንጂ ወደ አዛውንቱ መደብ አይደለም።

የአዛውንቱን ንቃት በሌላ ዓይን ማየትም ይቻላል። በ2017 የታተመ ጥናት በታንዛኒያ አድኖና ለቅሞ ከሚኖረው የሐድዛ ሕዝብ 33 አዋቂዎችን ለ20 ቀናት ተከታትሏል፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ ሁሉም በአንድ ላይ ተኝተው የተገኙት ለ18 ደቂቃ ብቻ ነበር። አጥኚዎቹ ማልዶ የሚነቃው አረጋዊ ለቡድኑ ዘብ ሆኖ ኖሯል የሚል መላምት አቀረቡ። ሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ተነሥተው የከብቶቹን ድምፅ የሚያዳምጡ አባት ይህን ሲሰሙ ምን እንደሚሉ ለመገመት አይከብድም።

ስሜት ላይ ስንመጣ ልዩነቱ ይሰፋል። በ2007 በወጣቶች ላይ በተደረገ ሙከራ፣ ሳይተኙ ያደሩት አስጨናቂ ሥዕሎችን ሲያዩ አሚግዳላቸው (ፍርሃትን የሚያስተናግደው የአንጎል ክፍል) ተኝተው ካደሩት 60 በመቶ የበለጠ ተቀስቅሷል። አረጋውያን ከአንድ ሌሊት ንቃት በኋላ ስሜታቸው ከወጣቶቹ ያነሰ እንደሚናወጥ ያሳዩ ሙከራዎችም አሉ። ነገር ግን ባለፉት ዓመታት በምሥራቅ ወለጋ በግጭት ከቀያቸው የተፈናቀሉትን በዚህ መለካት ስሕተት ይሆናል። የሚደጋገም ቅዠት በአሰቃቂ ገጠመኝ ከሚመጣ የአእምሮ ቁስል ዋና ምልክቶች አንዱ ነው፤ እዚያ እንቅልፍ ራሱ የፍርሃቱ ቦታ ይሆናል።

በአገራችን ያለው ማስረጃ በአብዛኛው የተማሪ ነው። በሁለት ዩኒቨርሲቲዎች ተሠርቶ በ2012 የታተመ ጥናት ከግማሽ በላይ ተማሪዎች እንቅልፋቸው ደካማ መሆኑንና ይህም ከድብርት፣ ከጭንቀትና ከውጥረት ጋር መያያዙን አሳይቷል። መለኪያው የፒትስበርግ የእንቅልፍ ጥራት መጠይቅ ሲሆን፣ በ2017 በሚዛን አማን ነዋሪዎች ላይ ለአገራችን ተስማሚነቱ ተፈትሿል። መልካም ሥራ ነው። ሆኖም መጠይቁ የሚጠይቀው ስላለፈው አንድ ወር ነው። ወሩ ጥር ቢሆንና መስከረም ቢሆን ያው ገበሬ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ሆኖ ይመዘገባል፤ በመስከረም የሥራ ንቃቱ ሕመም ተብሎ ይቆጠርበታል። ነቅቶ ለማደር የሚጠጣው ቡናም በሥሌቱ የለም፤ ነቀምቴ ግን «ለቀምት» በሚል ስሟን ለዓለም የቡና ገበያ ያዋሰች ከተማ ናት።

ከዚህ የባሰው ሰዓቱ ነው። «በስንት ሰዓት ትተኛለህ?» ሲባል ወጣቱ ስልኩን አይቶ «8» ሊል ይችላል፤ ምሽት 2 ሰዓት ማለቱ ነው። መዝጋቢው በእኛ አቆጣጠር ሌሊት 8 ብሎ ከጻፈው፣ በጊዜ የተኛው ልጅ ስድስት ሰዓት ተሰርቆበት እንቅልፍ አልባ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ በወለጋ ለሚሠራ ጥናት ሁለት ጥያቄዎች ከሁሉ መቅደም አለባቸው፦ «በየትኛው ሰዓት ነው የምትነግረኝ?» እና «በዚህ ወር ማማ ላይ ያደረው ማነው?»