ቀን የተሻለው አለርጂ ማታ ለምን ይመለሳል?

ልጅዎ ቀን አቧራ ተነሥቶበት አስነጠሰው፣ ዓይኑን አሳከከው፤ ወዲያው ተሻለው። ማታ ግን ደረቱ ሲር ሲር ይል ጀመር። ለምን?

መልሱ 70 ዓመት ገደማ ፈጅቷል። በ1910 እ.ኤ.አ. ሄንሪ ዴልና ፓትሪክ ሌይድሎ እንግሊዝ ውስጥ የሂስታሚንን ጉልበት አሳዩ፤ የአየር ቧንቧን ያጠባል። በደቂቃዎች ውስጥ የሚመጣው ማስነጠስና ማሳከክ በአብዛኛው የእሱ ሥራ ነው። በ1937 ፀረ-ሂስታሚን ተገኘ፤ አስምን ግን አላስቆመም።

ሌላ ተጠያቂ ነበር። በ1938 ፌልድበርግና ኬላዌይ አውስትራሊያ ውስጥ ቀስ ብሎ የሚሠራና ቶሎ የማይለቅ ንጥረ ነገር አዩ። ምንነቱን በ1979 የለዩት ስዊድናዊው ሳሙኤልሰንና ባልደረቦቻቸው ናቸው፤ ሉኮትሪን ተባለ። እሱና ሌሎች ኬሚካሎች ነጭ የደም ሴሎችን ይጠራሉ፤ ሴሎቹም ከሰዓታት በኋላ የአየር ቧንቧውን ያሳብጣሉ።

ስለዚህ አስም ላለበት ልጅ በየቀኑ እንዲወስድ የታዘዘለትን የሚሳብ መድኃኒት «ተሻለው» ብለው አያቋርጡ። የአለርጂ እንክብል አይተካውም። ትንፋሽ ካጠረው ወይም መናገር ካቃተው ግን እስኪነጋ አይጠብቁ፤ ፈጥነው ወደ ሕክምና ይውሰዱት።