አየር የተራበ ሞተር

ከመካከላችን አንዱ ባለ 1.3 ኮሮላ ዲኤክስ አለችው። ዕድሜዋ ከእርሱ ይበልጣል፤ ፍቅሩ ግን እንደ አዲስ ሙሽራ ነው። ባለፈው ክረምት አራት ሆነን ወደ እንጦጦ ስንወጣ ዳገቱ ላይ ሁለታችን ወርደን በእግራችን ሄድን። ላይኛው መታጠፊያ ላይ ቀድመናት ደርሰን ጠበቅናት። ጌታው ይህን ውርደት አልቻለውም። በማግስቱ ሶማሌ ተራ ወርዶ ከአይሱዙ ላይ የወለቀ ቱርቦ በጋዜጣ ጠቅልሎ ይዞልን መጣ። ሻጩ "ተርቦ" እያለ ነበር የሚጠራው። ከሳቅን በኋላ ግን ሰውየው ሳያውቀው ልክ ብሏል አልን። ሞተሩ እውነትም ተርቧል፤ የራበውም ቤንዚን ሳይሆን አየር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሞተር የሚያቃጥለው ቤንዚን በሚተነፍሰው አየር ልክ ነው። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ጂቡቲ ወደብ ላይ 1.3 ሊትር ሆና የወረደች መኪና እኛ ጋ ስትደርስ የምትተነፍሰው እንደ አንድ ሊትር ሞተር ነው። እንጦጦ ላይ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። የጓደኛችን ኮሮላ ሰነፍ አይደለችም፤ የተቀነሰባት ከአፏ ላይ ነው።

ታዲያ ቱርቦውን እንግጠመው ወይስ አንግጠመው? ግማሾቻችን "ግጠመውና እንየው" አልን፤ ግማሾቻችን "ጓርኒሲዮኑ በሳምንቱ ይበላል" አልን። ክርክሩ ሲከር ብሎን ከመንካታችን በፊት ታሪኩን ማገላበጥ ጀመርን። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ሐሳቡ ያረጀ ነው። አልፍሬድ ቡኺ የተባለ ስዊዘርላንዳዊ መሐንዲስ የባለቤትነት መብት የጠየቀበት በ1905 ነው። በማርሚታ የሚወጣው ጭስ ሙቀትና ጉልበት ይዞ በከንቱ ይበተናል፤ እርሱ አንድ ጎማ ይዙር፣ በዚያው ዘንግ ሌላ ጫፍ ላይ ያለው ጎማ ደግሞ ንጹሕ አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ ይግፋ አለ። በቃ፣ ቱርቦ ማለት ይኸው ነው። የተጣለውን እንጀራ ፍርፋሪ ሰብስቦ ፍርፍር እንደ መሥራት ያለ ነገር።

እኛን ደጋኞቹን የሚመለከተው ግን የ1918ቱ ነው። የጄኔራል ኤሌክትሪኩ ሳንፎርድ ሞስ አንድ የሊበርቲ አውሮፕላን ሞተር ጭኖ ኮሎራዶ ውስጥ ፓይክስ ፒክ የሚባል ተራራ ላይ ወጣ። ተራራው 4,300 ሜትር ነው፤ ከራስ ዳሽን ጥቂት ዝቅ ይላል። ሞተሩ ታች ሳለ 350 የፈረስ ጉልበት ይሰጥ ነበር፤ ጫፉ ላይ 230 ሆነ። ቱርቦ ሲገጠምለት 356 ሰጠ። ልብ በሉ፣ ቱርቦ ራሱን ያስመሰከረው ለእሽቅድምድም ሳይሆን በተራራ አናት የተቀማውን ትንፋሽ ለማስመለስ ነው።

ወደ ቤት መኪና ሲመጣ ግን ታሪኩ የውድቀት ታሪክ ነው። በ1962 አሜሪካ ውስጥ የሼቭሮሌት ኮርቬር ሞንዛ ስፓይደርና ኦልድስሞቢል ጄትፋየር ቱርቦ ይዘው ብቅ አሉ። ጄትፋየሩ ሲጨናነቅ እንዳያንኳኳ ውኃና ሜታኖል የተቀላቀለበት ፈሳሽ በየጊዜው መሙላት ይጠይቅ ነበር። ባለቤቶቹ ረሱት። መኪናዋ ብዙም ሳትቆይ ከገበያ ወጣች፤ የብዙዎቹም ቱርቦ ተነቅሎ ተራ ካርቡራተር ተገጠመላቸው። እኛ አገር ቢሆን ፈሳሹ በሁለተኛው ሳምንት በቧንቧ ውኃ ይተካ ነበር፤ ስለዚህ አንፈርድባቸውም።

በ1973 ቢኤምደብልዩ 2002 ቱርቦን አቀረበ፤ 170 የፈረስ ጉልበት። ፊቱ ላይ "ቱርቦ" የሚለውን ቃል ገልብጦ ጻፈው፤ ፊት ያለው ሾፌር በስፖኪዮው አይቶ መንገድ እንዲለቅ መሆኑ ነው። በዚያው መኸር የነዳጅ ቀውስ መጣ፤ 1,672 መኪኖች ብቻ ተሠርተው ጉዳዩ ተዘጋ። ዋናው ችግር ትዕቢቱ ብቻ አልነበረም። ትልቅ ቱርቦ እስኪነቃ ጊዜ ይፈጃል፤ ነዳጅ ትረግጣለህ፣ ምንም የለም፣ ምንም የለም፣ ከዚያ በድንገት ከኋላህ በሬ የወጋህ ይመስላል።

እንግዲህ የወደድነው ሰው የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ስዊድን፣ የሳብ ኩባንያ፣ ፔር ጊልብራንድ። ሳብ ትንሽ ኩባንያ ነበር። 99 የተባለችው መኪናው የተነሣችው ከእንግሊዙ ትራያምፍ በተገኘ ባለ 4 ሲሊንደር ሞተር ሲሆን፣ በኋላ ሁለት ሊትር አድርገው ራሳቸው ያመርቱት ጀመር። ደንበኞች ጉልበት ፈለጉ። ሀብታም ኩባንያ ቢሆን ባለ 6 ወይም ባለ 8 ሲሊንደር አዲስ ሞተር ይነድፍ ነበር። የትራያምፍን ባለ 8 ሲሊንደር 99 ውስጥ ከተው ሞክረውት ነበር፤ አልገፉበትም። አዲስ ሞተር ማለት አዲስ የማምረቻ መስመር፣ ከዚያም ፊት ጎማዎቹ ላይ የሚጫን ተጨማሪ ክብደት ነው። ሳብ ለዚህ ገንዘብ አልነበረውም።

የነበረው ዘመድ ነው። በ1969 ሳብ ከጭነት መኪና ሠሪው ስካኒያ ጋር ተዋሕዶ ነበር፤ ስካኒያ ደግሞ በዚያው ዓመት ቱርቦ የተገጠመለት ባለ 14 ሊትር የናፍታ ሞተር ይዞ ወጥቷል። ዕውቀቱ ጎረቤት ነበር፤ ጊልብራንድ ግን እንዳለ አልገለበጠውም። እዚህ ላይ ነው ሰውየውን ባርኔጣ ያነሣንለት። ሌሎቹ ከፍተኛውን ጉልበት ፈልገው ትልቅ ቱርቦ ይገጥሙ ነበር። እርሱ ትንሽ ቱርቦ መረጠ። ትንሹ ቶሎ ይነቃል፤ በከተማ ፍጥነት፣ ዳገት ላይ፣ ሰው በእውነት መኪና በሚነዳበት ቦታ ይሠራል። ሞተሩ ሲፈጥን ግን ትንሹ ቱርቦ አየር ከልክ በላይ ያጭቃል። ለዚህም ግፊቱ 0.7 ባር ገደማ ሲደርስ ተከፍቶ ትርፉን ጭስ በጎን የሚያሳልፍ በር አበጀለት። የፒስተኑን መጭመቅም ወደ 7.2 ለ1 ዝቅ አደረገ፤ አለዚያ ቤንዚኑ ያለሰዓቱ እየነደደ ፒስተኑን ይቀጠቅጠዋል።

በ1977 ፍራንክፈርት ላይ የታየችው 99 ቱርቦ 145 የፈረስ ጉልበት ነበራት፤ ያለ ቱርቦ የምትሸጠው እህቷ 118። ሃያ ሰባት ፈረስ ብቻ። በወረቀት ሲያዩት አያስደንቅም፤ ግን ፈረሶቹ ሾፌሩ በሚፈልጋቸው ቦታ ነበሩ። በ1979 ስቲግ ብሎምክቪስት በዚህችው መኪና የስዊድንን ራሊ አሸነፈ፤ በዓለም ራሊ ሻምፒዮና ቱርቦ መኪና ስታሸንፍ የመጀመሪያው ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ሞተሩ ማንኳኳት ሲጀምር የሚሰማ ጆሮ ጨመሩለት። ብሎኩ ላይ የታሰረ መሣሪያ ማንኳኳቱን ሲሰማ ግፊቱን ራሱ ይቀንሳል። መጥፎ ቤንዚን የሚቀዳ ሕዝብ ይህን ፈጠራ ሊያመሰግን ይገባል።

በእሽቅድምድሙ ዓለም የሆነውን በአጭሩ እንለፈው፤ ሬኖ በ1977 ባለ 1.5 ሊትር ቱርቦ ይዞ ፎርሙላ ዋን ሲገባ ጭሱ ስለበዛ "ቢጫዋ የሻይ ጀበና" ብለው ሳቁበት፤ በ1979 ዲዦን ላይ አሸነፈ። በ1983 ኔልሰን ፒኬ ሻምፒዮን የሆነበት የቢኤምደብልዩ ሞተር ግን ሳይጠቀስ አይታለፍም፤ ብሎኩ ከተራ የቤት መኪና ሞተር የተወሰደ ነበርና። መሐንዲሶቹ አዲሱን ሳይሆን ብዙ ኪሎ ሜትር የነዳውን አሮጌ ብሎክ ይመርጡ ነበር፤ ለዓመታት ሲሞቅና ሲበርድ የኖረ ብረት ውስጣዊ ውጥረቱ ይለቀቃል። ያ ብሎክ በኋላ ላይ ከ1,000 የፈረስ ጉልበት በላይ ተሸክሟል። ጓደኛችን ይህን ሲሰማ ኮሮላዋን እንደ ልጅ ደባበሳት።

ደስታው ብዙ አልቆየም። ከሶማሌ ተራ የመጣው ቱርቦ ከአራት ሊትር በላይ የሆነ የናፍታ ሞተር ሲነፋ የኖረ ነው። የ1.3 ሊትር ጭስ ያንን ጎማ እስኪያዞረው እንጦጦ አልቆ ሱሉልታ ይደርሳል። ጊልብራንድ ያልሠራውን ስሕተት እኛ በጋዜጣ ጠቅልለን ገዝተነዋል። ልኩ የሆነ ትንሽ ቱርቦ ቢገኝ እንኳ ዋጋው እርሱ ብቻ አይደለም። ቱርቦው በደቂቃ ከ100,000 ጊዜ በላይ ይዞራል፤ የሚንሳፈፈው በዘይት ላይ ስለሆነ የዘይት መስመር ይፈልጋል። (የአይሱዙ ሾፌሮች ሲያቆሙ ወዲያው የማያጠፉት ለዚህ ነው፤ የጋለ ቱርቦ ውስጥ የቆመ ዘይት ከስሎ ይቀራል።) የተጨመቀው አየር ስለሚሞቅ ማቀዝቀዣ ያሻዋል። ካርቡራተሩም ለሚገፋው አየር ተመጣጣኝ ቤንዚን ካልሰጠ ፒስተኑ ይቀልጣል። ሁሉንም ስንደምር ከመኪናዋ ዋጋ የሚያስፈራ ክፍል ወጣው።

በሌላ ጊዜ ቢሆን "ሽጣትና የተሻለች ግዛ" እንለው ነበር። ግን የኤክሳይስ ታክሱ ሲሲ እየቆጠረ ትልቁን ሞተር ሲያስወድድ ኖሯል፤ በ2024 ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መወሰኑን አሳወቀ። ኮሮላዋን የምትተካ ሌላ ኮሮላ እንደ ልብ አትመጣም። እርሱ ያለችውን ማኖር አለበት።

ሳብ በታኅሣሥ 2011 ከሠረ። በ2012 ፎርድ ባለ 3 ሲሊንደር፣ አንድ ሊትር ቱርቦ ሞተር ሲያወጣ ዓለም በሙሉ የጊልብራንድን መንገድ ይዞ ነበር፤ ጊልብራንድም በ2016 አረፈ።

ጓደኛችን በገንዘቡ ፍሪሲዮን አስቀየረ፣ ካርቡራተሩን ለከፍታው አስተካከለ፣ ሻማ ለወጠ። ባለፈው እሑድ እንደገና ወደ እንጦጦ ወጣን። በዚህኛው ጉዞ የወረደው አንድ ሰው ብቻ ነው። ቱርቦው አሁን ሳሎኑ ውስጥ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ተቀምጧል፤ እናቱ በየሳምንቱ አቧራውን ይወለውሉለታል።