የጭቃ ቤት መምህር

የባንክ ሠራተኛ ስለ ሥነ ሕንፃ መጻፍ ምን አገባው ትሉኝ ይሆናል። በምሠራበት ባንክ ብድር ጠያቂ ቤቱን በመያዣነት ሲያቀርብ፣ ቅጹ ግድግዳው ከምን እንደ ተሠራ ይጠይቃል። ብሎኬት ከሆነ ግምቱ ከፍ ይላል፤ እንጨትና ጭቃ ከሆነ ግን ቤቱ ቢያምርም ባያምርም ዋጋው ያው ነው። ማንኪራ ውስጥ፣ በቡናው ጫካ ጥግ፣ በእንጨትና በጭቃ ቤት ለተወለደ ሰው ይህች የቅጽ መስመር ሁልጊዜ ትጎረብጣለች።

አርክቴክት ፋሲል ጊዮርጊስን ያወቅኋቸው በመጽሐፋቸው ነው። ከፎቶግራፍ አንሺው ከዴኒ ዤራር ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ2007 ያሳተሙት ይህ ሥራ፣ ከ1886 እስከ 1941 እ.ኤ.አ. የነበረችውን አዲስ አበባ በቤቶቿ በኩል ይተርካል። ድንኳንና ጎጆ የነበረው የምኒልክ ሰፈር እንዴት ከተማ እንደ ሆነ ያየሁት እዚያ ነው፤ የአርመን፣ የህንድና የግሪክ ባለሙያዎች ከአገሬው አናጢና ጭቃ ለጣፊ ጋር ሲገናኙ፣ ባለ ሰፊ በረንዳ፣ ባለ ቆርቆሮ ክዳን፣ ጠርዙ በእንጨት ጥልፍ ያጌጠ፣ የማንም ግልባጭ ያልሆነ ቤት ተወለደ። አንዲት ቅሬታ ብቻ አለችኝ፤ መጽሐፉ በእንግሊዝኛና በፈረንሳይኛ እንጂ በአማርኛ አልተጻፈም። በእነዚያ ቤቶች ያረጁት ሰዎች ምን ቋንቋ ይናገሩ ኖሯል?

ፋሲል የቢሮ ሰው ብቻ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ1954 የኢትዮ ስዊድን የሕንፃ ቴክኖሎጂ ተቋም ተብሎ በተጀመረው፣ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ባለው የልደታው የሥነ ሕንፃ ተቋም የቅርስ ጥበቃን ለአሥርት ዓመታት አስተምረዋል። አዲስም ሠርተዋል፤ በመስቀል አደባባይ ጥግ ቆሞ በ2002 ዓ.ም. የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም የእርሳቸው ንድፍ ነው። የሟቾቹ ፎቶግራፎች ከግድግዳው ሆነው ያዩናል፤ ከዚያ አፅሙ ይመጣል። ከዚያ ወጥቼ የአደባባዩን የመኪና ጩኸት ስሰማ እንደ ተሳደብሁ ያህል ሆኖ ተሰምቶኛል።

እኔን ከሁሉ በላይ የያዘኝ ግን ትምህርታቸው ነው። ሥልጣኔያችንን ስንቆጥር አክሱምን፣ ላሊበላን፣ ጎንደርን እንላለን፤ ሁሉም ድንጋይ ነው። የካፋ ነገሥታትስ? የመጨረሻው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ በ1890 ዓ.ም. ሲማረኩ፣ መናገሻቸው አንድራቻ የእንጨትና የቀርከሃ ነበረች። እንጨት ይነዳል፣ ይበሰብሳል፤ ዛሬ ቆሞ የሚታይ አዳራሽ ስለሌለ ልጆቻችን አባቶቻቸው ቤት ሠርተው የማያውቁ ይመስላቸዋል። ጭቃና እንጨትን ለክቶ፣ ስሎ፣ ስም ሰጥቶ ለተማሪ ማስረከብ እንግዲህ ቀላል ሥራ አይደለም።

መምህሩ የሚያስተምሩት ግን በሚፈርስ ከተማ ውስጥ ነው። የጣይቱ ሆቴል በ2007 ዓ.ም. ጥር ላይ በእሳት ተጎዳ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ከፒያሳ ብዙ አሮጌ ቤቶች ተነሡ። መንገዱ መስፋቱን አልጠላም፤ እኔም በዚያ እሄዳለሁና። ነገር ግን በመጽሐፉ ያየሁትን አንድ በረንዳ ፍለጋ ሄጄ አጥር ብቻ አግኝቼ ተመልሻለሁ።

ወንድሜ የአያታችንን ቤት አፍርሶ በብሎኬት ሊሠራ ገንዘብ ጠየቀኝ። እውነቱን ለመናገር እኔም ቀድሜ አስቤው ነበር፤ ጣሪያው ያፈስሳል፣ አያቴ ጉልበታቸው ደክሟል፣ ጢሱም ዓይናቸውን ጎድቶታል። መልስ ሳልሰጥ ለፋሲካ ማንኪራ ወረድሁ፤ ሜትርና ባለ መስመር ደብተር ይዤ። የምሰሶውን ዙሪያ፣ የበሩን ቁመት፣ ከምድጃው እስከ ግድግዳው ያለውን ርቀት ለካሁ። ቀርከሃው እንዴት እንደ ተጠለፈ ለመሳል ሞከርሁ፤ እጄ ግጥም እንጂ ሥዕል አያውቅምና ሦስት ገጽ ቀደድሁ።

አያቴ ከምድጃው አጠገብ ተቀምጠው ሲያዩኝ ቆዩ። ልጃቸው የባንክ ሰው መሆኑን ያውቃሉ። በመጨረሻ በካፊኛ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

«ልትሸጠው ነው?» አሉኝ።