ምላጭና ይሉኝታ

ዛሬ የምናነሣው ነገር በማዕድ ፊትና በሽማግሎች ጉባኤ መካከል የሚነሣ አይደለም። ስለ ነገሥታት ጦርነትና ስለ መንግሥታት ውል መናገር የለመደ ሰው፣ ስለ ብብትና ስለ ቅልጥም ጠጉር ታሪክ ልንገራችሁ ቢል እንደ መዘባበት ሊቈጠርበት ይችላል። ነገር ግን ሥሩን ይዘን ስንመረምረው፣ ይህ ትንሽ መስሎ የሚታየው ጉዳይ ብዙ ገንዘብ የፈሰሰበት፣ ሕግ እንዲወጣ ምክንያት የሆነ፣ ብዙ ሴቶች ጤናቸውን፣ አንዳንዶቹም ሕይወታቸውን ያጡበት ሆኖ እናገኘዋለን። ስለዚህ ጥቂት ጊዜ ጆሮአችሁን እንድታውሱን በትሕትና እንለምናለን። በዚህ ንግግር የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ጠጉርን ከገላ ማስወገድ ትናንት የመጣ ልማድ አይደለም። የግሪኩ የታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ፣ የጥንት ግብፅ ካህናት በየሦስተኛው ቀን መላ ሰውነታቸውን ይላጩ እንደ ነበረ ጽፎአል፤ ምክንያቱም አማልክታቸውን በሚያገለግሉበት ጊዜ ቅማልም ሆነ ሌላ እድፍ እንዳይገኝባቸው ነው። የሮማው ፈላስፋ ሴኔካ ደግሞ ከአንድ የገላ መታጠቢያ ቤት በላይ ሰፍሮ ሳለ ለወዳጁ በጻፈው ደብዳቤ፣ ከሚያውኩት ጩኸቶች አንዱ የጠጉር ነቃዩ ድምፅ እንደ ነበረ ያወሳል። ይህ ነቃይ ደንበኛ ለመጥራት ድምፁን አቅጥኖ ያለ ዕረፍት ይጮኻል፤ ዝም የሚለው የሰው ብብት ሲነቅል ብቻ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ በእርሱ ፈንታ ደንበኛው ይጮኻል። በእስልምና ሃይማኖትም የብብትንና የኀፍረትን ጠጉር ማስወገድ ለወንድም ለሴትም የንጽሕና ሥርዓት ሆኖ የኖረ ነው። እንግዲህ ልማዱ ከሃይማኖት ወይም ከንጽሕና ሕግ ጋራ ሲገናኝ፣ የሚያዘው ማን እንደ ሆነ፣ የሚታዘዘውም ለምን እንደ ሆነ በግልጥ የታወቀ ነው። የዛሬው ነገራችን ግን እንደዚህ ያለ አይደለም። አዛዡ ማን እንደ ሆነ ሳይታወቅ፣ አንድ ታላቅ ሕዝብ በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ሴቶቹን በሙሉ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ምላጭ ያስያዘበትን ታሪክ ነው የምንነግራችሁ። አገሩም አሜሪካ ነው።

በ1900 ዓ.ም. የነበረች አንዲት አሜሪካዊት ወይዘሮ እጅጌዋ እስከ አንጓዋ፣ ቀሚሷም እስከ ጫማዋ የሚደርስ ስለ ነበረ፣ የብብቷንና የቅልጥሟን ጠጉር ከራሷና ከቤተ ሰዎቿ በቀር የሚያየው አልነበረም። ያልታየውን ማንም አያማም። ሴቶችን ያስጨንቅ የነበረው የፊት ጠጉር ብቻ ነው፤ ለእርሱም ቢሆን ወረንጦ፣ ኖራ ያለበት ዱቄት፣ ኋላም በኤሌክትሪክ መርፌ ሥሩን ማቃጠል መድኀኒት ሆኖ ይገኝ ነበር። ይህን የኤሌክትሪክ መርፌ በ1875 ዓ.ም. ያስታወቀው በሴንት ሉዊስ ከተማ የሚኖር ቻርልስ ሚሼል የተባለ የዓይን ሐኪም ሲሆን፣ አሳቡ ወደ ዓይን ውስጥ እየገባ የሚወጋውን ሽፋሽፍት ለማጥፋት ነበር እንጂ ስለ ውበት አልነበረም። በዚያው ዘመን የእንግሊዙ ሊቅ ቻርልስ ዳርዊን በ1871 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ፣ የሰው ልጅ ገላ ከጠጉር የተራቈተው በተለይ ሴቲቱ ለዓይን ታምር ዘንድ በመመረጥ ሳይሆን አይቀርም ብሎ ነበር። እርሱ እንደ ሊቅ ያቀረበውን ግምት ሌሎች እንደ ፍርድ ወሰዱት፤ ጠጉር የበዛባት ሴት ከሥልጣኔ ወደ ኋላ የቀረች ናት እስከ ማለት ደረሱ። ሐኪሞችም ለነገሩ ረጅም የግሪክ ስም አውጥተው ከበሽታ ቈጠሩት። ስም የወጣለት ነገር ደግሞ መድኀኒት ሻጭ አያጣም።

ከዚህ በኋላ ወደ ምላጩ እንምጣ። ኪንግ ጂሌት የተባለው አሜሪካዊ የሚጣል ስስ ምላጭ የሚገባበትን መላጫ ለገበያ ባቀረበበት በ1903 ዓ.ም. የሸጠው 51 መላጫና 168 ምላጭ ብቻ ነበረ። በሚከተለው ዓመት ግን ከ90 ሺህ በላይ መላጫ ሸጠ። ወንዱ በየማለዳው በቤቱ መላጨትን ለመደ። ነገር ግን ጢም ያለው የሰው ልጅ እኩሌታው ብቻ ስለ ሆነ፣ ነጋዴ የሆነ ሰው ሁሉ ሌላውን እኩሌታ ማሰቡ አልቀረም። በ1915 ዓ.ም. ለሴቶች ተብሎ የተሠራ፣ በወርቅ ቅብ ያጌጠ ትንሽ መላጫ ወጣ። በዚያው ዓመት የፋሽን መጽሔቶች እጅጌ የሌለው ቀሚስ የለበሰች፣ ክንዷንም ወደ ላይ ያነሣች ወጣት ሥዕል እያወጡ፣ የበጋ ልብስና አዲሱ ዳንስ የማያምረውን ጠጉር ማስወገድ ግድ አድርገውታል ብለው አወጁ።

እዚህ ላይ ቈም ብለን ቃላቱን ልንመለከት ይገባል። የዚያን ጊዜ ማስታወቂያ ጸሐፊዎች «መላጨት» የሚለውን ቃል ይሸሹት ነበር፤ መላጨት የወንድ ሥራ ነውና። በእርሱ ፈንታ «ማለስለስ» ይሉ ነበር። ብብት የሚለውም ቃል ለጨዋ ሰው መጽሔት የማይገባ ስለ ነበረ በዙሪያው እየዞሩ ይናገሩ ነበር። ማስታወቂያው በመጀመሪያ ዕቃውን አልሸጠም፤ በመጀመሪያ የሸጠው ኀፍረቱን ነው። ሴቲቱ እስከዚያ ቀን ድረስ ስለ ብብቷ አንድም ጊዜ አስባ የማታውቅ ሆና ሳለ፣ ገጹን ገልጣ ስታነብ ሰው ሁሉ ሲመለከታት እንደ ኖረ መሰላት። በቋንቋችን «ይሉኝታ» የምንለው ኀይል ይህ ነው። ይሉኝታ ዳኛ የለውም፣ መጥሪያ አይልክም፣ ቅጣቱንም በጽሑፍ አያስታውቅም። «ምን ይሉኝ ይሆን?» የሚለው ጥያቄ ከሰውየው ልብ ስለሚነሣ፣ የታዘዘው ሰው ራሱ የመረጠ ይመስለዋል። የአሜሪካ ነጋዴዎች ቃሉን ባያውቁትም ኀይሉን ዐውቀው ሠሩበት። በ1920ዎቹ ዓመታት ቀሚስ ወደ ጕልበት ሲያጥር ደግሞ ነገሩ ከብብት ወደ ቅልጥም ወረደ።

ከዚህ የሚከተለው የታሪኩ ከባድ ክፍል ነው።

ጀርመናዊው ሊቅ ሮንትገን እኛ ራጅ የምንለውን ጨረር ያገኘው በ1895 ዓ.ም. ነው። በሚቀጥለው ዓመት በናሽቪል ከተማ፣ በቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ፣ ፕሮፌሰር ጆን ዳንኤል የባልደረባቸውን የዊሊያም ዳድሊን ራስ በዚህ ጨረር ለማንሣት ሞከሩ። ከ21 ቀን በኋላ ጨረሩ ያረፈበት ስፍራ ጠጉሩ ረግፎ ራሰ በራ ሆነ። በዚያው በ1896 ዓ.ም. በቪየና ሊዮፖልድ ፍሮይንድ የተባለ ሐኪም ይህን ሰምቶ፣ በአንዲት ሕፃን ጀርባ ላይ የነበረውን ጠጉራም ምልክት በራጅ አከመ። ጠጉሩ ረገፈ፤ ጥቂት ቈይቶ ግን ጀርባዋ ቈሰለ። እንግዲህ ማስጠንቀቂያው ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ በዓይን የታየ ነበር ማለት ነው።

ነገር ግን በ1920ዎቹ ዓመታት በኒውዮርክ አልበርት ጋይዘር የተባለ ሐኪም ትሪኮ የተባለ መሣሪያ አወጣ፤ በብዙ የአሜሪካ ከተሞችም በዚህ መሣሪያ የሚሠሩ የውበት ሳሎኖች ተከፈቱ። ሥራውን የሚሠሩት ሐኪሞች ሳይሆኑ ጥቂት ሥልጠና የተሰጣቸው ሠራተኞች ነበሩ። ሴቲቱ በአንድ ሣጥን ፊት ተቀምጣ ጕንጯንና አገጯን በተከፈተው መስኮት ታስጠጋለች፤ መሣሪያው ራሱ ይበራል፣ ከጥቂት ደቂቃ በኋላም ራሱ ይጠፋል። ሕመም የለውም፤ የሚታይም ነገር የለም። ጥቂት ጊዜ ከተመላለሰች በኋላ ጠጉሩ በእውነት ይረግፍ ነበር። በዚህ ምክንያት የጸሐፊነት ሥራ የያዙ ወጣቶች፣ ነርሶችና የቤት እመቤቶች ከደመወዛቸው እየቈጠቡ ይመጡ ነበር።

ጠንቁ የመጣው ከዓመታት በኋላ ነው። የፊት ቆዳ ተጨማደደ፣ ነጭና ጥቁር ነቍጥ አወጣ፣ ከዚያም የማይድን ቍስል፣ በመጨረሻም ነቀርሳ ሆነ። የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር በ1929 ዓ.ም. ትሪኮን አወገዘው፤ ንግዱም ፈረሰ። ቢሆንም እስከ 1940ዎቹ ዓመታት ድረስ በራጅ ጠጉር የሚያረግፉ ቤቶች ፈጽመው አልጠፉም፤ ሴቶችም መምጣታቸውን አልተዉም። በ1970 ዓ.ም. ሐኪሞች ባወጡት ጥናት፣ በጨረር ጠንቅ ነቀርሳ ከያዛቸው ሴቶች መካከል ከሲሶ የሚበልጡት ጠጉር ለማርገፍ ራጅ የተነሡ ሆነው ተገኙ። እነዚህን ሴቶች «ሞኞች» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። ነገር ግን በጊዜው ጢም ያላት ሴት ሥራ ለማግኘትና ለማግባት የነበረባትን ችግር ያሰበ ሰው፣ እንዲህ ያለውን ፍርድ ለመስጠት አይቸኵልም። በአንድ ወገን በየቀኑ የምትቀምሰው ንቀት አለ፤ በሌላው ወገን ደግሞ ሕመም የሌለው ሣጥንና ነጭ ካፖርት የለበሰ ሰው የሚሰጠው ተስፋ።

ሁለተኛው መከራ በቅባት መልክ የመጣ ነው። በ1930 ዓ.ም. ገደማ ኮሬምሉ የተባለ ጠጉር ማርገፊያ ቅባት በአሜሪካ ገበያ ወጣ። በውስጡ የነበረው ታሊየም የተባለ መርዝ ሲሆን፣ ይህ ነገር ለአይጥ መግደያ የሚያገለግል ነበር። በዚያ ዘመን ሐኪሞች ቈረቈር የያዘውን ሕፃን ለማከም በመጀመሪያ የራሱን ጠጉር ማርገፍ ሲፈልጉ በጥቂቱ ይሰጡት ስለ ነበር፣ ጠጉር ማርገፉ የታወቀ ነው። ነገር ግን መርዙ የተቀባበት ስፍራ ላይ አይቈምም፤ በቆዳ ገብቶ በሰውነት ይዞራል። ቅባቱን በከንፈሯ በላይ ወይም በእግሯ የተቀባች ሴት የራስ ጠጉሯ ይመለጣል፤ እግሯ በሕመም ይቃጠልና ይሰንፋል፤ የአንዳንዶቹም ዓይን ይደክማል። ክሱ በበዛበት ጊዜ ድርጅቱ በ1932 ዓ.ም. ከሰርሁ ብሎ ተዘጋ፤ ለተጐዱትም የሚከፈል ገንዘብ አልተገኘም ለማለት ይቻላል።

የሚያስደንቀው ደግሞ መንግሥት ሊከለክለው አለመቻሉ ነው። የ1906 ዓ.ም. የምግብና የመድኀኒት ሕግ ስለ ቅባትና ስለ ኩል የሚናገር ቃል አልነበረውም። ስለዚህ የመንግሥቱ የምግብና የመድኀኒት ተቈጣጣሪዎች በ1933 ዓ.ም. እንደነዚህ ያሉትን ዕቃዎች ሰብስበው፣ ከተጐዱት ሰዎች ፎቶግራፍ ጋራ ለሕዝብ እንዲታዩ አደረጉ፤ ጋዜጠኞችም «የአሰቃቂ ነገሮች ክፍል» ብለው ሰየሙት። ኮሬምሉ ከዚያ አንዱ ነበር። በመጨረሻ በ1937 ዓ.ም. በመርዛም መድኀኒት ከ100 በላይ ሰዎች ከሞቱ በኋላ፣ በ1938 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት የመዋቢያ ዕቃዎችን ጭምር የሚቈጣጠረውን አዲስ ሕግ ፈረሙ። ዛሬ አንዲት ሴት ከመደብር የገዛችውን ቅባት ስትቀባ ያለባት ሥጋት የተቃለለው፣ ከእርሷ በፊት የተቀቡት በከፈሉት ዋጋ ጭምር ነው።

ከዚያ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጣ። ናይሎን ለጃንጥላ ወታደሮች ጃንጥላና ለገመድ ስለ ተፈለገ፣ ከ1942 ዓ.ም. ጀምሮ የሴቶች ረጅም የናይሎን ካልሲ ከገበያ ጠፋ። የአሜሪካ ሴቶችም እግራቸውን ካልሲ በሚመስል ቀለም ይቀቡ ጀመር፤ አንዳንዶቹም በስተ ኋላ ስፌት እንዲመስል በእርሳስ መስመር ያሰምሩ ነበር። ቀለሙ በጠጉር ላይ ስለማይቀመጥ መላጨት ግድ ሆነ። ጦርነቱ አልቆ ካልሲው ሲመለስ ምላጩ በቤት ቀረ። በ1964 ዓ.ም. በተደረገ ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 44 ዓመት ከሆነ አሜሪካውያት ከመቶ 98ቱ እግራቸውን እንደሚላጩ ታወቀ። አያቶቻቸው ያላሰቡትን ነገር የልጅ ልጆቻቸው ከተፈጥሮ ሕግ ቈጠሩት።

በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ ዓመታት ለሴቶች መብት የተነሡ አሜሪካውያት ከጠየቋቸው ጥያቄዎች አንዱ ይህ ነበር፤ «እኔ የወደድሁት ነው» የምንለው ነገር በእውነት የእኛ ውድ ነውን? አንዳንዶቹ ምላጭ አንጣልም አሉ፤ አንዳንዶቹ ጣሉ። የጣሉት ግን በየአደባባዩ በቀልድ ተመቱ፤ «ጠጉራም» የሚለው ቃልም ከአሳባቸው ጋራ ለመከራከር ላልፈለገ ሰው ምቹ ስድብ ሆነ። በእኛ አስተያየት፣ የምትላጨውን ሴት መንቀፍ የማትላጨውን ከመንቀፍ አይሻልም፤ ሁለቱም ያው የሰው አፍ ነውና። ልዩነቱ የሚታወቀው ልማዱን የተወችው ሴት ምን እንደሚደርስባት በታየ ጊዜ ነው።

ለዚህም አንድ ነገር ብቻ ጨምረን እናቆማለን። በ1999 ዓ.ም. ስመ ጥር የሆነችው የፊልም ተዋናይ ጁሊያ ሮበርትስ በለንደን ከተማ ለአዲስ ፊልሟ መክፈቻ ቀይ ቀሚስ ለብሳ መጣች። ለተሰበሰበው ሕዝብ ሰላምታ ለመስጠት እጇን ስታነሣ ያልተላጨው ብብቷ ታየ። ፎቶግራፉ በዓለም ጋዜጦች ሁሉ ዞረ፤ ከፊልሙም ይበልጥ ስለ እርሱ ተነገረ። አንዱ ዐመፅ ነው አለ፣ ሌላው የመብት ዐዋጅ ነው አለ። ከብዙ ዓመታት በኋላ በ2018 ዓ.ም. ስለዚሁ ነገር ስትጠየቅ፣ ምንም ልታስታውቅ አስባ እንዳልነበረ፣ የእጅጌዋን ማጠርና ሕዝቡን እጅ መንሣቷን አስቀድማ አለማስላቷን ብቻ ተናገረች።