ከግዞት ደሴት እስከ ተረት መጽሐፍ

ለልጆች የጻፉልን ሰዎች ኑሯቸው ብዙ ዓይነት ነበር። «ታሪክና ምሳሌ»ን የሰጡን ክቡር ከበደ ሚካኤል የመንግሥት ሹምም የትያትር ደራሲም ነበሩ። ከሁሉ ይልቅ ግን የጎጃሙ ተወላጅ የክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ ታሪክ ያስደንቀናል።

በ1902 ዓ.ም. በእንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ተወለዱ። በደብረ ኤልያስ፥ በደብረ ወርቅና በዲማ የቤተ ክህነት ትምህርት ከተማሩ በኋላ አዲስ አበባ ሄደው፥ እንደ እኛው፥ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገቡ። ወደ ጎጃም ተመልሰውም የጉምሩክ ጸሐፊና መምህር ሆኑ። ኢጣልያ አገራችንን ሲወር ዘመቱ፤ በ1929 ዓ.ም. ከራስ እምሩ ጋር ተማርከው በፖንዛና በሊፓሪ ደሴቶች ሰባት ዓመት ያህል በግዞት ቆዩ። ከዚያ ወዲህ በኢየሩሳሌም ቆንስል፥ በአሜሪካም ዲፕሎማት ነበሩ።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ያዩ ሰው ናቸው በ1948 ዓ.ም. «ተረት ተረት የመሠረት»ን ያሳተሙት! የትምህርት ሚኒስትር የሆኑትና በ1958 ዓ.ም. «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያወጡት ከዚህ በኋላ ነው።

እኛ የእንጅባራና የዳንግላ ልጆች ግን አያቶቻችን በአገውኛ ያወሩልንን ተረት አንዱን እንኳ በወረቀት አላሰፈርንም። በዚህ ክረምት ሁለት ሁለት ልንጽፍ ተስማምተናል። የአንዳችን አያት ደብተሩን ባዩ ጊዜ፥ «እሱን አስቀምጠውና መጀመሪያ ስማኝ» አሉት።