ከጋን አፍ እስከ ትራክተር ክዳን፦ የማሸግ ሙያ በጣና ዳር

በጣና ዙሪያ ማሸግ የቆየ ሙያ ነው። ጠላ የተጠነሰሰበት ጋን አፉ በጭቃ ይመረጋል፤ ጎተራ በጭቃና በእበት ይለሰናል፤ አረቄ ሲወጣ የማሰሮውና የመቃው መጋጠሚያ እንፋሎት እንዳያመልጥ ይደፈናል። የጋኑና የማሰሮው ምርጊት የሚመራው በአንድ ደንብ ነው። መጀመሪያ ሁለቱ አካላት በደንብ ይገጣጠማሉ፤ ምርጊቱ የሚሸፍነው የቀረችውን ጠባብ ክፍተት ብቻ ነው፤ ሲከፈትም አሮጌው ተጠርጎ በአዲስ ይተካል። ታንኳ ደግሞ ሌላውን የዕውቀት ግማሽ ያሳያል። ከደንገል የሚታሰረው ታንኳ ውኃ እንዳይገባው ተብሎ አይደፈንም፤ የሚያንሳፍፈው በደንገሉ ውስጥ ያለው አየር ነው፤ ውኃ ሲጠግብ ዳር ወጥቶ ይደርቃል። የሐይቁ ዳር ሰው ምን እንደሚታሸግ ብቻ ሳይሆን ምን እንደማይታሸግም ያውቅ ነበር ማለት ነው። ይህ ልየታ በአሮጌ ትራክተሮች ጥገና ላይ እየደበዘዘ ሄዷል። የሚያፈስ ሃይድሮሊክ (በዘይት ግፊት የሚሠራ ማንሻ) ሁሉ ከቱቦ የሚጨመቅ ሲሊኮን እየተቀባ ይዘጋል፤ መንስኤው ግን የመካኒኩ ስንፍና ሳይሆን የመለዋወጫና የትምህርት ታሪካችን ነው።

የጋራዥ ቋንቋችን የዚህን ታሪክ አንድ ወገን ይመሰክራል። ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ካቻቢቴ፣ ጓርኒሲዮን የሚሉት ቃላት ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። የሞተር ጥገና በአገራችን በአብዛኛው ከጌታው ወደ ረዳቱ፣ በማየትና በመንካት የተላለፈ ሙያ ነው። ሌላው ወገን ባሕር ዳር ውስጥ ተተከለ። እ.ኤ.አ. በ1963 በኢትዮጵያና በሶቪየት ኅብረት ትብብር የተቋቋመው የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ከጨርቃ ጨርቅ፣ ከኤሌክትሪክ፣ ከብረታ ብረት፣ ከእንጨት ሥራና ከኢንዱስትሪ ኬሚስትሪ ጋር የእርሻ መካኒክስን ያስተምር ነበር። ጋራዡ እጅን፣ ተቋሙ ደግሞ መለኪያንና ንድፍን ያስተማረ ነው። የእርሻ መሣሪያ ጥገና እንዲጸና ሁለቱ መገናኘት ነበረባቸው፤ መገናኘታቸው ግን የተሟላ አልሆነም።

ጉዳዩ ለምን ከባድ እንደሆነ ማሽኑ ራሱ ይናገራል። ሃሪ ፈርጉሰን ማረሻን በሦስት ነጥብ ከትራክተር ጋር አያይዞ በዘይት ግፊት የሚያነሳውን ሥርዓት ዓለም እንዲቀበለው አደረገ፤ እ.ኤ.አ. ከ1946 እስከ 1956 የተመረተው ቲኢ-20 ትራክተሩ ብቻ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ተሠርቷል። ከእርሱ በወረደው ማሴ ፈርጉሰን 135 ላይ የሃይድሮሊክ ፓምፑ የሚገኘው በትራክተሩ ሆድ ውስጥ፣ በካምቢዮው ዘይት ተውጦ ነው። ከላይ የማንሻ ክንዶቹን የተሸከመው ከባድ ክዳን በስስ የወረቀት ማሸጊያ (ጓርኒሲዮን) ላይ ተቀምጦ በብሎን ይታሰራል። ይህን ክዳን ያወለቀ ሰው ወፍራም ሲሊኮን ቀብቶ መልሶ ቢያስረው ትርፉ በሁለት በኩል ይጨመቃል። ወደ ውጭ የወጣው ይታያል፤ በጣት ይጠረጋል። ወደ ውስጥ የወጣው ግን እንደ ክር ተንጠልጥሎ ይቆይና በትኩሱ ዘይት ተላቆ ይወድቃል፤ ከዚያም ፓምፑ በሚስብበት ወንፊት ላይ ይለጠፋል ወይም ከቫልቩ ይደርሳል። ክዳኑ ማፍሰሱን ያቆማል፤ ማረሻው ግን መነሳት ያቅተዋል።

ከዚህም የሚከፋው ፍሳሹ በሌለበት ቦታ ሲሊኮን መቀባቱ ነው። ማረሻው ከተነሳ በኋላ ቀስ እያለ የሚወርድ ከሆነና ውጭው ደረቅ ከሆነ፣ ዘይቱ የሚያመልጠው ከውስጥ ነው፤ በፒስተኑ ማሸጊያ ወይም በቫልቩ በኩል። በዚያ ቦታ ያለው ግፊት ከ150 ባር ሊበልጥ ይችላል፤ የመኪና ጎማ የሚነፋው ግን በ2 ባር አካባቢ ነው። ይህን ያህል ግፊት የሚይዘው በልኩ የተሠራ የጎማ ቀለበትና በትክክል የተፋቀ ብረት እንጂ ከቱቦ የተጨመቀ ቅባት አይደለም። በቤላሩስ ትራክተሮች ላይ እንዳለው ባለ ጥርስ ፓምፕ ደግሞ የክፍሎቹ ክፍተት ራሱ ግፊቱን ይወስናል፤ መሃል ላይ ቅባት ጨምሮ ክፍተቱን ማስፋት ፓምፑን ማድከም ነው።

ታዲያ ይህ ልማድ ለምን ሥር ሰደደ? በደርግ ዘመን የመንግሥት እርሻዎች ሲስፋፉ፣ በጎጃም ምዕራብ የጣና በለስ ሰፈራ ሲካሄድ፣ ናዝሬት ላይም የቤላሩስ ትራክተር መገጣጠሚያ ሲቋቋም፣ ማሽኑና መለዋወጫው በመንግሥትና በመንግሥት ስምምነት የሚመጣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1991 ደርግ ወደቀ፤ በዚያው ዓመት ሶቪየት ኅብረትም ፈረሰች። ትራክተሩ ቀረ፤ ያመጣው የአቅርቦት ሰንሰለት ግን ተቋረጠ። የቀለበትና የጓርኒሲዮን ስብስብ ባልተገኘበት፣ ክረምቱም በደረሰበት ሰዓት፣ በየሱቁ የሚገኘው ሲሊኮን መልስ መስሎ ታየ። በጣና ዳር ያለው የፎገራ ዋልካ መሬት ጠባብ የእርሻ ጊዜ ነው ያለው፤ ውኃ ከተኛበት በኋላ ትራክተር አይገባበትም። መካኒኩን ያስቸኮለው ይህ ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞ ይነሳል። አንደኛው፣ ዛሬ ፋብሪካዎች ራሳቸው በጓርኒሲዮን ፈንታ ፈሳሽ ማሸጊያ ይጠቀማሉ የሚል ነው። እውነት ነው፤ ነገር ግን እነዚያ ፊቶች ለዚሁ ተብለው ተስተካክለው የተፋቁ ናቸው፤ የሚቀባውም በልክ ነው። አሮጌው ትራክተር የተነደፈው የወረቀቱን ውፍረት ቆጥሮ ነው። ሁለተኛው ተቃውሞ የበለጠ ክብደት አለው፦ መለዋወጫ ከሌለ ማሽኑ ቆሞ ይደር ወይ? አይደር። ነገር ግን በሲሊኮንና በመቆም መካከል ሦስተኛ መንገድ አለ፤ የድሮ መካኒኮች ያውቁታል። የጓርኒሲዮን ወረቀት በክዳኑ ፊት ላይ ይዘረጋል፤ በመዶሻ ክብ ራስ ጠርዝ ጠርዙ ቀስ ተብሎ ይመታል፤ ብረቱ ራሱ ይቆርጠዋል። ከዚያ በኋላ ማሸጊያ ካስፈለገ እንደ ጥላ የሳሳ ይበቃል፤ ፊቱም አስቀድሞ ከዘይት የጸዳ ይሁን። አሮጌው ጓርኒሲዮን አስቤስቶስ ሊኖረው ስለሚችል በደረቁ አይፋቅም፤ አቧራው ሳንባን ይጎዳል። ግፊት ለሚይዘው ክፍል ግን በልኩ ከተሠራ ቀለበት ሌላ አማራጭ የለም።

ስለዚህ የሚጎድለን ቅባት ሳይሆን ልየታ ነው፤ ልየታው ደግሞ ለዚህ አካባቢ ባዕድ አይደለም። የጋን አፍ የምትመርግ እናት የተሰነጠቀ ጋን በጭቃ አትጠግንም። ፖሊቴክኒኩ እ.ኤ.አ. በ2000 ከመምህራን ኮሌጁ ጋር ተዋሕዶ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ አካል ሆኗል፤ የከተማው ጋራዦችም በአቅራቢያው ናቸው። ዩኒቨርሲቲው ለአሮጌ ትራክተሮች የቀለበትና የጓርኒሲዮን ልክ መዝግቦ ለጋራዦቹ ቢያደርስ፣ ጋራዦቹም እጃቸው ያወቀውን ለተማሪዎቹ ቢያሳዩ፣ እ.ኤ.አ. በ1963 የተጀመረው ሥራ ይሟላል። እስከዚያው ግን ክዳን የሚከፍት ሁሉ ቱቦውን ከማንሳቱ በፊት ፍሳሹ ከየት እንደሆነ ይፈልግ።