ሰባት ቤትና ኩላሊት፦ ኢትዮጵያውያን የገቡበት የምርምር ታሪክ

ላስታ ውስጥ ጋብቻ ሲታሰብ ሽማግሌዎች መጀመሪያ ሰባት ቤት ይቆጥራሉ። ዓላማው ዘመዳሞች እንዳይጋቡ ነው። እኔ ደግሞ ይሄንኑ ቆጠራ ለኩላሊታችሁ ጤና እንድትጠቀሙበት ልጠይቃችሁ ነው።

እኔ መሐንዲስ ስለሆንኩ ኩላሊትን የማየው እንደ ማጣሪያ ነው። እያንዳንዱ ኩላሊት ውስጥ አንድ ሚሊዮን ገደማ ጥቃቅን ማጣሪያዎች አሉ፤ ሁለቱ በቀን 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ያጣራሉ። ብዙ ጊዜ የሚያበላሿቸው ስኳርና ደም ግፊት ናቸው። ታማሚው ገና በሃያዎቹ ውስጥ ከሆነ ግን ችግሩ ከዘር የመጣ ሊሆን ይችላል።

እዚህ ላይ የኛ ሰዎች የገቡበት ታሪክ አለ። ኤችአይቪ በተለይ የምዕራብ አፍሪካ የዘር ሐረግ ያላቸውን ሰዎች ኩላሊት ክፉኛ ያጠቃል። እ.ኤ.አ. በ2006 እስራኤል ያሉ ተመራማሪዎች ግን ቫይረሱ ባለባቸው ኢትዮጵያውያን ላይ ይሄን የኩላሊት በሽታ እንዳላገኙ ጻፉ። በ2008 ጥርጣሬው ኤምዋይኤች9 በተባለ ጂን ላይ ወደቀ። ግን የተጠረጠረው የጂን ዓይነት ኢትዮጵያውያንም ላይ አለ፤ በሽታው የለም! ታዲያ ጥፋተኛው የጂኑ ጎረቤት ይሆን? አዎ፤ በ2010 አፖል1 ተገኘ። ጎጂዎቹ ዓይነቶቹ በተመረመሩት ኢትዮጵያውያን ናሙናዎች ውስጥ አልነበሩም። አንዱ ቅጂ ከእንቅልፍ በሽታ ተሕዋስ ይከላከላል፤ ከእናትም ከአባትም ሲወረስ ግን ኩላሊትን ለአደጋ ያጋልጣል።

እንግዲህ እኛ ነፃ ነን ማለት ነው? አይደለም። ሌሎች የዘር በሽታዎች አሉ። በ1927 ሐኪሙ ሴሲል አልፖርት አንድን ቤተሰብ አጥንቶ የጻፈውን እዩ፦ ሽንት ውስጥ ደም፣ የመስማት ችግር፣ በወጣትነታቸው ኩላሊታቸው የሚደክም ወንዶች።

አዲስ አበባ የሚገኘው የጳውሎስ ሆስፒታል በ2015 የኩላሊት ንቅለ ተከላ ጀምሯል። ሲጀመር ኩላሊት የሚሰጠው በሕይወት ያለ ዘመድ ነበር። በሽታው የዘር ከሆነ ግን፣ ሊሰጥ የመጣው ወንድም ራሱ ሳያውቀው ሊኖርበት ይችላል። ስለዚህ ሐኪሙ የቤተሰቡን ታሪክ ማወቅ አለበት።

አያቶቻችሁን ዛሬውኑ ጠይቁ፦ ከዘመድ መሃል በልጅነቱ ጆሮው የደከመ፣ ሽንቱ የቀላ፣ ሰውነቱ አብጦ በወጣትነቱ የሞተ አለ? ካለ ለሐኪም ንገሩ፤ የሽንትና የደም ግፊት ምርመራም አድርጉ። ሰባት ቤት መቁጠር የሚችል ቤተሰብ ይሄን መቁጠር አያቅተውም።